«ትለምጂዋለሽ» የተባለ መኪና አይገዛም

ቀሚስ ለመግዛት ሱቅ ስንገባ ሳንለካ ገንዘብ አንከፍልም። ጫማ ስንገዛም ሁለቱንም እግራችንን አግብተን፣ ወዲያና ወዲህ ተራምደን እናያለን። ከቀሚስና ከጫማ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን መኪና ስንገዛ ግን አብዛኞቻችን የምናየው ቀለሙን፣ የምናዳምጠው የሞተሩን ድምፅ፣ የምንጠይቀው ሊብሬውን ነው። «ይህ መኪና በልኬ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፌ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ84 ሳንቲም ነው። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት ሳይሆን ነገሩ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። ረጅም ሴት ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ረጃጅሞቹ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። በትምህርት ቤት የኋላው ወንበር የእኛ ነው። በታክሲ ውስጥ ጉልበታችን ከፊት ለፊቱ ወንበር ጋር ሲጋፋ ይውላል። እናቴም ክፋት አስባ ሳይሆን ለእኔው ተጨንቃ፣ «ልጄ፣ ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ሂጂ፤ ባል የሚሆንሽ ሰው ይፈራሻል» ትለኝ ነበር። በዚህ ሁኔታ ብዙዎቻችን ጎንበስ ማለት ልማድ ሆኖብን እናድጋለን።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጥለው የቆየሁት እቁብ ሲደርሰኝ መኪና ለመግዛት ቆረጥሁ። የፈለግሁት ደግሞ ተራ መኪና አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርሁት ጣሪያው የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የድሮ የስፖርት መኪና ነበር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። «እቴ፣ ያን መኪና አንቺ ትለብሽዋለሽ እንጂ አትነጂውም! ይልቅ ቪትዝ ግዢና ዕረፊ» አለኝ። ቪትዝ ትንሽ ብትሆንም ጣሪያዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ሰው የደከመበትን ገንዘብ አንድ ጊዜ እንኳ ለወደደው ነገር ቢያውለው ነውር አይደለም።

እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ የድሮ መኪና የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት ቀድሞውኑ አገር ውስጥ ከገቡት መካከል ነው። እኔም ደላላ ይዤ ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከግቢ ግቢ መዞር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ያየሁት ቀይ ፊያት 850 ስፓይደር ነበር። ይህ መኪና በ1965 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን (የመኪኖቹን ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ)፣ ንድፉ የወጣው በቤርቶኔ ቤት፣ በጆርጄቶ ጁጃሮ እጅ ነው። ሞተሩ 843 ሲሲ ብቻ ሆኖ የሚገኘው ከኋላ ነው። መልኩ ዓይን ይይዛል። ከዚህም በላይ የእኛ አገር መካኒኮች ከፊያት ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ የምንላቸው ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ገብቼ ተቀመጥሁና ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁት። ይሁን እንጂ ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ጉልበቴ መሪውን ነካ። መሪውን ሳዞር እጄ ከጭኔ ጋር ተጋጨ። የፊት መስታወቱ የላይኛው ብረት ደግሞ በዓይኔ ትይዩ ስለነበረ፣ መንገዱን ለማየት ወይ አንገቴን መቅበር፣ ወይ ከብረቱ በላይ ማየት ሊኖርብኝ ነው። ደላላው ግን፣ «እህቴ፣ ግድ የለም፤ ትለምጂዋለሽ» አለኝ።

እህቶቼ፤ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናታል! ጠባብ ጫማ ሲገዛልን፣ የማይመች የሥራ ወንበር ሲሰጠን፣ አንዳንዴም ትዳር ሲከብደን «ትለምጂዋለሽ» እንባላለን። እርግጥ ነው፣ ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። አጥንት ግን አይለምድም። ጉልበቱ ከመሪው ሥር የተቀረቀረ ነጂ ሕፃን ድንገት መንገድ ላይ ቢገባበት እግሩን አንሥቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ጊዜው ያመልጠዋል። በዚህን ጊዜ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ደላላው እንቢታዬን ሲያይ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ቀነሰልኝ። ዋጋው ቢያጥርም እግሬ አላጠረምና አመስግኜው ሄድሁ።

ለመሆኑ ረጅም ሰው መኪና ውስጥ አልገባ ሲል ጥፋቱ የማን ነው? የመኪና ሠሪዎቹ ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጠናል። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ ወለሉ ጠፍጣፋ ስለነበረ ረጃጅም ሰዎች እግራቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ነበር። ኩባንያው በዓመቱ፣ በ1962፣ የእግር ማሳረፊያውን ወለል ጎድጎድ አድርጎ ሠራው። ፎርድ ጂቲ 40 የሚባለው የውድድር መኪና ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቁመቱ ነው፤ 40 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚሁ ዘር በሆነው ማርክ 4 በተባለው መኪና በ1967 በፈረንሳይ አገር በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር እንዲነዳ የተመረጠው አሜሪካዊው ዳን ገርኒ በጣም ረጅም ሰው ነበር። የራስ ቁሩን ሲያጠልቅ ጣሪያው አልበቃውም። ታዲያ «አጠር በል» አላሉትም፤ ከራሱ በላይ ያለውን ጣሪያ እንደ እብጠት ከፍ አድርገው ሠሩለት። ገርኒም ከኤ.ጄ. ፎይት ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ ውድድሩን አሸነፈ። ልኩ የሚስተካከለው በመኪናው ላይ ነው ማለት ነው።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘሁት ከአገር የወጣ አንድ የውጭ ዜጋ የሸጠውን ኤምጂቢ ነው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እግር የሚዘረጋበት ቦታ ስላለው ረጃጅም ሰዎች ይወዱታል። መለዋወጫውም እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ይሠራል። ስቀመጥበት ጉልበቴ ነፃ ሆነ፤ ነገር ግን ጣሪያው ሲዘጋ ፀጉሬን ይነካ ነበር።

ከመክፈሌ በፊት ብዙ ዘመን በሥራው የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ሄድሁ። ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን አልነበረም። ተንበርክከው ከበሩ ሥር የሚያልፈውን የብረት ደፍ በትንሽ ማግኔት ነካኩት። በግራ በኩል ማግኔቱ አልያዘም። «ልጄ፣ ይኸ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው» አሉኝ። ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከደፉ ስለሆነ፣ ደፉ ከዛገ መኪናው መሐል ለመሐል ይጎብጣል። ይህን ለባለቤቱ ተወካይ ነግረን የብየዳው ወጪ ከዋጋው ተቀነሰልን።

ወለሉን ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ስጠይቃቸውም፣ «ወለሉን ቁረጡልኝ እንዳትይኝ፤ ወንበሩን እቆርጥልሻለሁ» አሉኝ። የወንበሩን አሮጌ ስፖንጅ አውጥተው በቀጭን ለወጡት። ከወንበሩ ሐዲድ ሥር የነበሩትንም የእንጨት ድጋፎች አነሡ። በጠቅላላው 4 ሳንቲም ያህል አተረፍሁ። 4 ሳንቲም ለሌላው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ቀጥ ብሎ መቀመጥና ጎብጦ መቀመጥ የሚለዩበት ልክ ነው። እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ ስንሄድ፣ «ቀና በይ እንጂ፤ መንገዱን በደንብ እዪ» ብላኛለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመኪና አደጋ የሚፈተሽባቸው አሻንጉሊቶች አሉ። በ1976 የወጣው ዋነኛው በ1 ሜትር ከ75 ሳንቲም ወንድ ልክ የተሠራ ሲሆን፣ ሴትን እንዲወክል የተሠራው ትንሹ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ረጅሟ ሴት በሁለቱም ውስጥ የለችም። የድሮዎቹ መኪኖች ደግሞ ኤርባግ የላቸውም፤ ብዙዎቹም የራስ መደገፊያ የላቸውም። በአሜሪካ እንኳ ለፊት ወንበር የራስ መደገፊያ ግዴታ የሆነው ከ1969 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ራሳችንን የምንለካው ራሳችን ነን።

እንግዲህ የድሮ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ የሚከተለውን ሳታደርጉ ቀብድ አትክፈሉ። ዘወትር በምታደርጉት ጫማና ልብስ ግቡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ የወገብ ሕመም በአምስት ደቂቃ አይታወቅም። ፍሬንና ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ እግራችሁ ሁለት ፔዳል ባንድ ጊዜ የሚነካ ከሆነ ተዉት። መሪውን ወደ ሁለቱም ወገን እስከ ጥግ አዙሩ። ጣሪያውን ዘግታችሁም ከፍታችሁም ሞክሩ። የወንበር ቀበቶው ከኋላ የሚታሰርበት ቦታ ከትከሻችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ በአደጋ ጊዜ ጀርባችሁን ወደ ታች ይጫናልና አስተካክሉት። የራስ መደገፊያ ከሌለው አስገጥሙለት። ሻጩ «ትለምጂዋለሽ» ካላችሁ ግን ቁልፉን መልሱለትና ወደሚቀጥለው መኪና ሂዱ።