ስለ ቁልቁለትና ስለ ጉልበት

የጌዴኦን አገር ያየ ሰው፥ ከዲላ ከተማ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ ቡሌ ሲወጣ ሜዳ ብሎ የሚጠራው ነገር እንደማያገኝ ያውቃል። ዲላ ራሷ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚያልፍ ስፍራ ተቀምጣለች፤ ከእርሷ በላይ ግን ምድሩ እንደ ደረጃ እየተነሣ፥ እንሰቱና ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ፥ ገብስ እስከሚዘራበት ደጋ ድረስ ይዘልቃል። ሕዝቡ ይህን ተዳፋት አገር ሳያራቁት ለብዙ ዘመን አርሶ ስለ ኖረበት፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ግን ስለ እርሻው አይደለም፤ ሰው በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ እግሩን እንዴት እንደሚያኖር ነው። ነገሩም ከቤታችን ጉዳይ የመጣ ነው።

እኅታችን ከባሏ ጋራ በአሜሪቃ፥ በሚኒሶታ ግዛት ከተቀመጠች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በዚያ አገር ከኅዳር እስከ መጋቢት ምድሩ በአመዳይ ይሸፈናል። አመዳይ ማለታችን እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ለስላሳውን ነው፤ በእኛ አገር ጣራ ከሚደበድበው በረዶ ለመለየት ነው፤ ግዕዙም ሐመዳ ይለዋል። የእኅታችን ልጅ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ገና በሕፃንነቷ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋራ፥ በሁለት እግር ቀጫጭንና ረዣዥም ሰሌዳ አስሮ በአመዳይ ላይ ቁልቁል መንሸራተትን፥ ማለት ስኪ የተባለውን ጨዋታ ለመደች። ይህስ ባልከፋ፤ ኋላ ግን ከስኪው ሁሉ መርጣ የወደደችው ሞገል የሚባለውን ሆነ።

ሞገል ማለት በቁልቁለቱ ላይ ተራ በተራ የተሰለፈ የአመዳይ ጉብታ ነው። ስሙ በኦስትሪያ ሰዎች አነጋገር ትንሽ ኮረብታ ከሚል ቃል እንደ መጣ ይነገራል። ጉብታውን መጀመሪያ ማንም አስቦ አልሠራውም። ብዙ ሰው በአንድ ቁልቁለት ሲወርድ፥ የሚታጠፍበት ስፍራ እየተፋቀ ይጎደጉዳል፤ የተፋቀው አመዳይ በጎኑ ይከመራል፤ ኋላ የሚመጣውም የፊተኛው በታጠፈበት ስለሚታጠፍ ጉድጓዱ ይጠልቃል፥ ክምሩም ያድጋል። ይህን ስንሰማ ወዲያው የታየን በክረምት ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርደው መንገድ ነው። አጋሰሶች እየተከታተሉ ሲያልፉ፥ ኋለኛው የፊተኛው በረገጠበት ስለሚረግጥ፥ ጭቃው እየጎደጎደ በመካከሉ ትልም የመሰለ ጉብታ ይቀራል። በዚያ ላይ የሄደ ሁሉ ጉብታው ላይ ቢረግጥ እንደሚያዳልጠው፥ ጉድጓዱ ውስጥ ቢረግጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደሚሰጥም ያውቃል።

በፈረንጅ አገር ይህ ነገር በደንብ የተወሰነ ውድድር ሆኗል። በ1980 ዓ.ም. በካናዳ በካልጋሪ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ለማሳያ ብቻ ታየ፤ በ1984 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በአልበርቪል ሜዳልያ ተሰጠበት። ያን ጊዜ ከወንዶች ኤድጋር ግሮስፒሮን የተባለው ፈረንሳዊ፥ ከሴቶችም ዶና ዋይንብሬክት የተባለችው አሜሪቃዊት አሸነፉ። የመወዳደሪያው ቁልቁለት ርዝመቱ 250 ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ወደ አየር መዝለል ግዴታ ነው። ዳኞቹ ከመቶው 60 እጅ ለአስተጣጠፉ፥ 20 እጅ ለዝላዩ፥ 20 እጅ ለፍጥነቱ ይሰጣሉ። ይህን አከፋፈል እኛ ወደድነው፤ ፈጥኖ የወረደ ሳይሆን አሳምሮ የወረደ ይበልጣልና። አወራረዱም እንዲህ ነው፤ ሰሌዳው ጉብታውን ሲነካ ጉልበት ወደ ደረት ይታጠፋል፤ ጉብታውን ሲያልፍ ይዘረጋል፤ ራስና ትከሻ ግን ዕቃ እንደ ተሸከመ ሰው ጸጥ ብለው ወደ ፊት ይመለከታሉ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ልጅቱ ከአንዱ ጉብታ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ አይቶ ጅማቷ ከልክ በላይ እንደ ተሳበ እንጂ እንዳልተበጠሰ ተናገረ፤ ለስድስት ሳምንት ከጨዋታው እንድትርቅም አዘዘ። ችግሩ የመጣው ከስድስቱ ሳምንት በኋላ ነው። አባቷ ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚያ ቁልቁለት እግሯን እንዳታነሣ ፈረደ። ልጅቱ እህል አልቀምስም አለች። እኅታችን በሁለቱ መካከል ተጨንቃ፥ «ጋሼ፥ ምን ይሉኛል? እማዬስ ምን ይላሉ?» ስትል በስልክ ጠየቀችን። የልጅ ነገር በባሕር ማዶም ቢሆን የሚቆረጠው በአያት ቤት ነውና፥ ጉዳዩን ይዘን ዲላ ወርደን ከእናታችን ዘንድ ቀረብን።

እናታችን በቡሌ ተወልደው፥ ሴት ልጅ ገብስና ቆጮ በጀርባዋ አዝላ ወደ ቆላው ገበያ በምትወርድበት ዘመን ያደጉ ናቸው። አመዳይ የሚባል ነገር በዐይናቸው አይተው አያውቁም። እኛ ስለ ሰሌዳው፥ ስለ ዝላዩ፥ ስለ ሐኪሙ ቃል ስንዘረዝር ቡናቸውን እየጠጡ ሰሙንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «የወደቀችው ወደ ፊቷ ነው ወይስ ወደ ኋላዋ?» አሉ። ይህን ማናችንም አልጠየቅንም ነበር። እዚያው ተደውሎ ልጅቱ ራሷ ቀረበች። ጉብታው ከሌሎቹ በልጦ ስለ ታያት እንደ ፈራች፥ ወደ ኋላ እንደ ተደገፈችና በመቀመጫዋ እንደ ወደቀች ተናገረች። እናታችንም፥ «እንግዲያውስ መውረድ ገና አልተማረችም፤ ያስተምሯት እንጂ ለምን ያስተዋታል?» አሉ።

ከዚያም ለእኛ ነገሩን አብራሩልን። ሸክም ያዘለ ሰው በጭቃ ቁልቁለት ሲወርድ ፍርሃት ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ወደ ዳገቱ ሲያዘነብል ክብደቱ በተረከዙ ላይ ይወድቃል፤ ተረከዝም ጭቃ አይጨብጥምና እግሩ ከሥሩ ያመልጣል። ደኅና አድርጎ የሚወርድ ግን ጉልበቱን አላልቶ፥ ደረቱን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ፥ ዐይኑን ከሚረግጠው ሁለት እርምጃ አስቀድሞ፥ አጭር አጭር እየረገጠ ይወርዳል። እናታችን እንደሚሉት የቡሌ ልጆች ይህን የሚማሩት ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆናቸው፥ በመጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፥ ከዚያ በትንሽ ሸክም ነው፤ ሙሉ ሸክም የሚሰጣቸውም በሁለት ክረምት ሳይወድቁ ከወረዱ በኋላ ነው።

እኅታችን ይህን ቃል ለልጅቱ አሠልጣኝ በነገረችው ጊዜ፥ ሰውየው ምንም ሳይጨምር፥ «እኔ በየቀኑ የምጮኸው ይህንኑ ነው» አላት። የስኪ ጉዳትን የመረመሩ ሐኪሞችም፥ የጉልበት ጅማት ከሚበጠስባቸው መንገዶች አንዱ፥ ሰው ወደ ኋላ ተቀምጦ ዳሌው ከጉልበቱ በታች ሲወርድና የሰሌዳው ጅራት እግሩን ሲጠመዝዘው መሆኑን ጽፈዋል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ልጅቱ ትመለሳለች፤ ግን ትልቁን ጉብታ ትታ ከትንሹ፥ ዝላዩንም ትታ ከአስተጣጠፉ ትጀምራለች፤ የራስ ቁር ሳታደርግ አትወጣም፤ ሐኪሙም ጉልበቷን ሳያይ ዝላይ አትዘልም። አባቷ እያጉረመረመ ተቀበለ። ከሁሉ ይልቅ ያረጋጋው ስፍራው ትንሽ መሆኑ ነው።

ይህ ስለ ትንሽነት የምንለው ነገር ጥቂት መቆያ ይገባዋል። ዘንድሮ በጥር ወር ወደዚያው ሄደን በዐይናችን አይተናል። ተራራ ሲባል ስሜንን ወይም ባሌን ለሚያስብ አበሻ፥ ያ ጉብታ ተራራ ተብሎ መጠራቱ ያስቃል፤ ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም። ልጆቹ በገመድ እየተጎተቱ ይወጣሉ፥ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወርዳሉ፥ ተመልሰውም ይወጣሉ። ማታ መብራት ይበራል። ወላጆችና አያቶች ከሥር ባለው ቤት በምድጃ አጠገብ ተቀምጠው፥ በመስኮቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታሉ። በትልቅ ተራራ ላይ ልጅ ጧት ከወጣ እስከ ማታ ከወላጁ ዐይን ይሰወራል፤ በዚህ ግን አባትየው የልጁን ቀይ ቁር ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላጣውም። ለትምህርትም ቢሆን፥ ያንኑ ጉብታ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ የወረደ ልጅ፥ ሃያ ልዩ ልዩ ቁልቁለት ካየው ይልቅ ጉልበቱ ብዙ ያውቃል ብለን እናምናለን። ለዚህም ምስክር አለ። በዚሁ ግዛት ባክ ሂል የተባለው ትንሽ ኮረብታ፥ በዓለም የታወቀችውን ፈጣን የስኪ ተወዳዳሪ ሊንድዚ ቮንን አሳድጓል። በሞገል ውድድር ብዙ ዘመን ተወዳዳሪ ያጣው፥ በ2010 ዓ.ም. በኮርያ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ካናዳዊው ሚካኤል ኪንግስበሪም የተማረው በሰማይ ጠቀስ ተራራ ሳይሆን በኬቤክ፥ በሳን ሶቨር ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ነው። ትንንሾቹ ኮረብታዎች ግን ኑሯቸው በብርዱ ላይ የቆመ ነው፤ አመዳይ ሲጠፋ በመኪና ውሃ እየረጩ ይሠራሉ፥ ብርዱ ካልጠነከረ ግን መኪናውም አይረዳም። ብዙዎቹም ተዘግተዋል።

የልጅቱ አባት፥ «ለአበሻ ልጅ ይህ ምን ይሆናታል?» እያለ ደጋግሞ ጠይቆናል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪቃ የተሻገረው ሮቤል ተክለ ማርያም፥ በሜዳና በዱር መካከል በሚሮጥበት በሌላው የስኪ ዓይነት፥ በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ በቶሪኖ፥ በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር፥ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ብቻውን ተሰልፏል። በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የቆመ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶም አመዳይ በሌለበት አስፋልት ላይ፥ መንኰራኵር በተገጠመለት ሰሌዳ ይለማመድ ነበር። ደግሞም አመዳይ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በአዱሊስ ቆሞ ያገኘውን የድንጋይ ጽሕፈት ሲገለብጥ፥ አንድ ጥንታዊ ንጉሥ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት አመዳይ መካከል የስሜንን ሰዎች እንደ ተዋጋ ጽፎልናል። አማቻችን ይህን ሰምቶ፥ «ንጉሡ ልጁን ወደዚያ አልላከም» አለን፤ መልስ አላገኘንለትም።

ልጅቱ አሁን በትልቁ ጉብታ ላይ ትወርዳለች፤ አንደኛውን ዝላይም ጀምራለች። በመጋቢት ወር ከሠፈሩ ልጆች ጋራ ተወዳድራ ከአሥራ ሁለት ሰባተኛ ወጥታለች፤ የጨዋታውን ሥዕል ልካልን እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ ተመለከቱት። ትከሻዋን አመሰገኑ፤ «እጇ ግን ይንቀዠቀዣል» አሉ። በሚመጣው ሐምሌ ዕረፍቷን ይዛ ዲላ ትመጣለች። እናታችንም ከቡሌ እስከ መጀመሪያው ወንዝ ድረስ ያለውን ቁልቁለት፥ ዝናቡ ባቆመ ማግሥት፥ አንድ ቁና ገብስ አሸክመው በፊታቸው ሊያወርዷት ቈርጠዋል። ልጅቱ በስኪዋ እንደ ለመደችው ሁለት በትር ይፈቀድላት እንደ ሆነ አስጠይቃለች፤ እናታችን አንድ ይበቃል ብለዋል።