«ጨው በመጠኑ» ስንት ነው?



ባለፈው ክረምት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር። ጸሐፊዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ትዳር ከያዘች ገና ዓመት ያልሞላት እኅት ናት። «እኅት አዘጋጅ፣ ስለ ምግብ አሠራር ስትጽፊ ሽንኩርቱን በቁጥር፣ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ፣ ምስሩን በኩባያ ትነግሪናለሽ። ጨው ላይ ስትደርሺ ግን ‹ጨው በመጠኑ› ብለሽ ታልፊዋለሽ። መጠኑ ስንት ነው? እኔ መጠኑ የመሰለኝን ጨምሬ የሠራሁት ወጥ ሳይበላ ቀረ። የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዋጋ አንቺም ታውቂዋለሽ» ይላል።

ደብዳቤውን አንብቤ ፈገግ አልኩና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። «የጨው ነገር የእጅ ልምድ ነው፤ ቀስ እያለች ታውቀዋለች» ብዬ ነበር። የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ፈገግታዬ ስላፈርኩ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በዚህ ዓምድ የሚወጡት የምግብ አሠራሮች የሚፈተኑት በእኔው ቤት፣ በእኔው ምድጃ ላይ ነው። ከመጽሔት ያገኘሁትን፣ አንባብያን የላኩልኝን፣ ባልደረቦቼ በቃል የነገሩኝን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሠራለሁ፤ እሑድ ለምሳ አቀርባለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እጽፈዋለሁ። ቀማሹ ደግሞ ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ለቤቱ አሳቢ፣ ልጆቹን ወዳድ ሰው ነው። ምግብ ግን ያማርጣል። ያደረ ወጥ አይነካም። ወጥ ውስጥ ካሮት ካገኘ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ትሪው ዳር ያሰልፈዋል። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ ቸኩዬ ውሃ የጨመርኩ እንደሆነ በመጀመሪያው ጉርሻ ይነግረኛል። አንድ እሑድ ከመጽሔት ያገኘሁትን በእርጎ የተሠራ ዓሣ ባቀርብለት ለረጅም ጊዜ ተመልክቶት «ይህ ዓሣ ታሞ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። በፈተና ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን የእርሱን አስተያየት እጽፋለሁ። «እማዬ እንዲህ አይደለም የምትሠራው» የሚለው ብቻ 11 ጊዜ ተጽፏል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ አንድ ልማድ ነበረው። ገና ሳይቀምስ እጁን ወደ ጨው ዕቃው ይሰድዳል። «ቅመሰው እንጂ!» ስለው «ያንሰዋል፤ አውቀዋለሁ» ይላል።

በጥቅምት ወር መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የጤና ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። የባለቤቴ የደም ግፊት 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን ተደጋግሞ ቢለካም ከ140 በ90 በታች አልወርድ አለ። ዕድሜው ገና 41 ነው። ራሱን አላመመውም፣ አላዞረውም፣ ከሥራም ቀርቶ አያውቅም። ሐኪሙ እንዳስረዱን የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰው አንዳችም ምልክት ሳይሰማው ለዓመታት ይዞት ይኖራል፤ በሽታው ግን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን በዝምታ ይጎዳል። መድኃኒት አዘዙለትና ወደ እኔ ዞር ብለው «ጨው ቀንሱ» አሉ።

«መጠኑ ስንት ይሁን?» ብዬ ጠየቅሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ መሳቢያዬ ውስጥ የተኛው ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ የመለሱልኝ በቁጥር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በወጡ፣ በዳቦውና በቁርሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

እኔም ቸኩዬ አበላሸሁት። በዚያው ምሽት የድንች አልጫ ያለ አንዲት ቅንጣት ጨው ሠርቼ አቀረብኩ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ልጆቹም ተያይተው ዝም አሉ። «ለአንተው ሕይወት ብዬ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ቤቱን ሐኪም ቤት አደረግሽው» ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ራቱን በልቶ መምጣት ጀመረ። ኮቱ ጥብስ ጥብስ ይሸት ነበር። ከጨው ላድነው ብዬ ሚጥሚጣና ጨው አብዝቶ ወደሚያቀርብ ምግብ ቤት ሰደድኩት ማለት ነው። ልጆቼ ባዶውን መቀመጫ እያዩ ሲበሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለራሴ መናገር ከበደኝ።

በመጨረሻ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጣሁት። ጥያቄውን እንደ ጋዜጠኛ ልመልሰው ቆረጥኩ። አንድ ኪሎ ጨው ገዝቼ በፌስታሉ ላይ የከፈትኩበትን ቀን ጻፍኩበት። በቤታችን ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና አብራን የምትኖረው የእኅቴ ልጅ 5 ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን በቀን 5 ግራም ብንመገብ 25 ግራም ነውና አንዱ ኪሎ 40 ቀን ሊበቃን ይገባል። ለልጆች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚገባቸው። የእኛው ጨው በ19ኛው ቀን አለቀ። ለፓስታ መቀቀያ ተብሎ ከውሃው ጋር የሚደፋ መኖሩ እውነት ነው። ቢሆንም ለአንድ ሰው በቀን ከ10 ግራም በላይ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ቆጥሬ ጨርሻለሁ ባልኩበት ሰሞን አማቴ የዓመቱን በርበሬና ሽሮ ይዘው ከደብረ ብርሃን መጡ።

«እማማ፣ በርበሬው ላይ ጨው ይጨምራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ታዲያ ያለ ጨው ምን በርበሬ አለ፣ ልጄ?»

«ስንት ይጨምራሉ?»

«ስንት ይባላል? እጄ ያውቀዋል።»

እያግባባሁ ብጠይቃቸው ለ5 ኪሎ ዛላ በርበሬ ግማሽ ኪሎ ያህል ጨው እንደሚገባበት ተረዳሁ። ሽሮውም ሲፈጭ የራሱ ጨው አለው። እንግዲህ አስቡት። በርበሬው ጨው አለው፤ ሽሮው ጨው አለው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል እኔ «በመጠኑ» እጨምራለሁ፤ ጣዕም እንዲሰጥ ብዬ የምጥለው የሾርባ ቅመም ኩብ አብዛኛው ጨው ነው፤ ገበታው ላይ ደግሞ ባለቤቴ ይነሰንስበታል። አንዱን ወጥ አምስት ጊዜ ጨው እናደርግበት ነበር።

አማቴ ለምን እንደምጠይቅ ሲገባቸው መጀመሪያ ቅር አላቸው። «ልጄን ጨው ልትነፍጊው ነው?» አሉኝ። የሐኪሙን ነገር ዘርዝሬ ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አባቱ በ52 ዓመቱ ነው የወደቀው» አሉ። «ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። እኛ ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸንለት። ደም ግፊት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ጨው አነሰው ባለኝ ቁጥር…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

«ጨው ብቻውን አይደለም፣ እማማ። ዘርም፣ ዕድሜም፣ ውፍረትም፣ መጠጥና ሲጋራም አለበት» ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ቀና ስል ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ግን ራቱን ከእኛ ጋር በላ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመርኩት፤ በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል። የጨው ዕቃው ከገበታ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። የሾርባ ቅመም ኩብ መግዛት አቆምን። በቀይ ወጥና በሽሮ ላይ ከበርበሬው ሌላ ጨው ሳልጨምር ብሠራ ማንም አላወቀብኝም። በአልጫውና በሌላው ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ሩብ ሩቡን ቀነስኩ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በአንድ ቀን ግን አይቀጣም።

ጨው ሲቀንስ ባዶ የሚሆነውን ቦታ የሚሞላ ሌላ ጣዕም ያስፈልጋል። ከፈተና ደብተሬ እንደተማርኩት ሽንኩርት ያለ ችኮላ ሲቁላላ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ ለጥብስ የጥብስ ቅጠል ጥሩ ረዳቶች ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ሎሚ ነው፤ ኮምጠጥ ያለ ምግብ የጨውን መጉደል ይሸፍናል። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ የበላው ምግብም ይኸው የአዚፋ አሠራር ነው። ሦስት ጊዜ ተፈትኗል፤ ለ5 ሰው ይበቃል።

2 ኩባያ ድፍን ምስር፤ ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፤ ለቅሞና አጥቦ ያለ ጨው እስኪበስል መቀቀል። ውሃውን አጥልሎ ማቀዝቀዝና ግማሽ ያህሉን በማንኪያ መዳጥ። 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርትና 2 ቃሪያ አድቅቆ መክተፍ። የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ መጨመር። በመጨረሻም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ተላጭቶ የተለካ፣ ነስንሶ ማዋሃድ። ለግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ይበልጥ ይጣፍጣል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ጨው ቀንሱ ማለት ያለ አዮዲን ተመገቡ ማለት አይደለም። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ካጣችው ደግሞ የልጁን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። የምትገዙት ጥቂቱ ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምግብ ላይ ጨው አይጨመርም። ሐኪም ያዘዘውን የግፊት መድኃኒትም ጨው ቀንሻለሁ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ ነው።

ባለቤቴ ተለውጧል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ካሮቱን አሁንም ወደ ትሪው ዳር ያሰልፋል። ያደረ ወጥ አይነካም። አልፎ አልፎም «ዛሬ ጎደል ብሎታል» ይላል። ይሁንና ባለፈው ወር ከሰርግ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ወጡ አልበዛበትም? ጨው ነው እኮ!» አለኝ። እኔ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ እያየሁ ሳቄን ዋጥኩ። በመጨረሻው ምርመራ ግፊቱ 132 በ84 ነበር። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰዱ፣ በእግሩ መሄድ መጀመሩና የጨው መቀነሱ አንድ ላይ ያመጡት ነው። አማቴም ለሚመጣው ዓመት በርበሬውን ያለ ጨው እንደሚያስፈጩልን በስልክ ነግረውናል። የሰሞኑ አንድ ኪሎ ጨው ደግሞ 36 ቀን ቆየ። 40 ገና አልደረስንም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የደብዳቤዋ እኅቴ። ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ መልሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዓምድ «ጨው በመጠኑ» የሚል አይጻፍም። ጨው እንደ ሽንኩርቱና እንደ ዘይቱ ተለክቶ በማንኪያ ይነገራል። ለተበላሸብሽ ወጥ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናንተም እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ የሚቀጥለውን የጨው ፌስታል ስትከፍቱ ቀኑን ጻፉበት። ሲያልቅ ደግሞ ስንት ቀን እንደቆየና ስንት ሰው እንደበላው ጻፉልኝ። ባለቤታችሁ «አነሰው» ካለ እንዲቀምሰው ለምኑት። የደም ግፊቱን ግን ሳይለካ አያምሽ፤ ምንም ሳያመውም ቢሆን። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት እውነት ነው። በእኛ ቤት ግን ጨው የጣፈጠው ሲያንስ ነው።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።