አይጥና ዝናብ በአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ እንጓዝ። በስተግራ የወጨጫ ተራራ አለ። በተራራው ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ እንደርሳለን። መንገዱ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ግራና ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ጊንጪ አጠገብም የጭሊሞ ደን አለ። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይበቅልበታል።

በዚህ አገር ገበሬው አንዳንድ ዓመት «ዘንድሮ አይጥ በዛ» ይላል። በሌላው ዓመት «አይጡ የት ገባ?» ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ዋናው ዝናብ ነው።

ክረምት ሲገባ ሣሩ ያድጋል፤ ፍሬ ይይዛል። አይጥ ጠግባ ትበላለች፤ ትወልዳለችም። የማሳ አይጥ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው። በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር እህሉ ሲደርስ አይጡም በዝቶ ይጠብቃል። በጋው ሲገፋ ምግብ ያንሳል። ብዙው ይሞታል፤ መውለዱም ይቀንሳል።

ዝናቡ ቀድሞ ከገባ ወይም ከረዘመ፣ የመውለጃው ጊዜ ይረዝማል። ያን ዓመት አይጥ ይበዛል።

የደኑም አይጥ ቁጥር ከወቅት ወቅት ይለያያል። ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ይህን በመናገሻ ደን አጥንተው በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈዋል። ያጠኑት እግረ ነጩን የጫካ አይጥ ነው። ይህ አይጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የለም። ደኑ ካለቀ መኖሪያው ያልቃል። እንግዲህ አይጥ ሁሉ አንድ አይደለም። የምንከላከለው የማሳውንና የጎተራውን ነው።

መቼ እንከላከል? ብዙ ሰው አይጥ የሚያሳድደው ጎተራው ሲበላ ነው። ያን ጊዜ ግን በዝቷል። በግንቦት አይጡ ጥቂት ነው። በግንቦት አንዲት እናት ብትገደል፣ እስከ መኸር የምትወልደው ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የማሳውን ዳር እንመንጥር። ጉድጓዱን እንቆፍር። ጎተራውን ከመሬት ከፍ እናድርግ። አንድ ሰው ብቻውን ቢደክም፣ አይጡ ከጎረቤት ማሳ ይመጣበታል። መንደሩ በአንድ ቀን አብሮ ይውጣ።

ጉጉትንም አንግደል። ብዙ ሰው ድምፅዋን ይጠላል። ነገር ግን ሌሊት አይጥ የምትለቅምልን እሷ ናት። መርዝ የበላ አይጥ ከበላች ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መርዝ በየሜዳው አንበትን።

በኅዳር በጎተራ ሥር ከማሳደድ፣ በግንቦት ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል።