«ስንዴ አለው?»

ዛሬ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። ድፎ ዳቦ ሲታደል የ4 ዓመቷ ልጄ እጇን ዘርግታ መለሰችው። «እማ፣ ስንዴ አለው?»

ሆዴ ባባ።

ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ካወቅን 3 ወር ሆነን። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቷን ይጎዳዋል። ሕክምናው ግሉተን ያለበትን ነገር ጨርሶ አለመብላት ነው።

እሷን ብቻ ከምንለይ ብለን ሁላችንም ተውን። አባቷ ያለ ገብስ ቆሎ ቡና የማይጥመው ሰው፣ አሁን ሽምብራ ብቻ ይቆላል።

ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ተመስገን! ግን እዚህ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። የድሮው እርሾ ገብስ ስለነካው ደፍቼ፣ ከንጹህ ጤፍ እንደ አዲስ አነሳሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ ከምጣዱ ሳወጣው ተቆራረጠ። እሷ ግን ፍርፋሪውን ከሰፌዱ ላይ እየለቀመች በላች።

ዛሬ አንዲት እናት «ኧረ በስመአብ ብላ ትቅመስ፣ ቁራሽ ምን ያደርጋታል?» አሉኝ። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቁራሽም ይጎዳታል።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ ትልቅ ሰው ሳታስቀይሙ እንዴት ነው እምቢ የምትሉት?