ስለ ንግድ ደንብና ስለ ቤተ ሰብ ገንዘብ

ታላቁ ልጄ በሞጣ አስተማሪ ነው። ሌሊት ሌሊት፥ ያለ መምህር፥ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን ተምሮ ባለፈው ጥር ወደ ቢቸና መጣና ለእኔና ለእናቱ አስረዳን። ነገሩ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ መሰለኝ ለአንባቢዎች እጽፈዋለሁ።

ስልተ ቀመር የሚሉት ይህ ነው፤ ይኸውም ሰው አስቀድሞ «ዋጋው እዚህ ሲደርስ ግዛ፥ እዚያ ሲደርስ ሽጥ» የሚል ደንብ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም ሳይፈራና ሳይጓጓ ይፈጽመዋል። በአገራችን የምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ሻጭና ገዢ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ይዋዋሉ ነበር፤ በኋላ ግን ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ልጄ የጠየቀን ለታናናሾቹ ትምህርት ያኖርነውን ገንዘብ ነበር። እናቱ አልተቆጣችም፤ «የአባትህ መዝገብ አለ፤ በእርሱ ሞክረው» አለችው። እኔ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የቢቸናን የእህል ዋጋ በየገበያው ቀን እጽፍ ነበርና። እርሱም በጥር ጤፍ ገዝቶ በነሐሴ የሚሸጥ ደንብ አወጣ፤ ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ማቆየቱ አያሰጋም። በወረቀት ላይ ትርፉ እጅግ ያማረ ሆነ።

እናቱ ግን፥ «የጆንያው፥ የተሸካሚው፥ የመጋዘኑ፥ የደላላው ሒሳብ የታለ?» አለች። ይህ ሲቀነስ ትርፉ ከግማሽ በታች ወረደ። ደግሞም ልጁ ደንቡን ያወጣው የዓመታቱን ሁሉ ዋጋ አይቶ ነው፤ መልሱን አይቶ እንደ ተፈተነ ተማሪ ማለት ነው። ስለዚህ የስንዴውን መዝገብ እኩሌታ ብቻ ሰጥቼ ደንብ አውጣ አልሁት። የቀረውን ከሣጥን አውጥተን ብንፈትነው ትርፉ ጠፋ።

ከዚህም ሌላ፥ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። «ሽጥ» የሚለው ትእዛዝ በዚያን ጊዜ በየት በኩል ይደርስ ነበር? ባለሙያ የሞላበት የአሜሪካው ናይት ካፒታል እንኳ ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ትእዛዝ ስሕተት በ45 ደቂቃ 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከስሯል።

የሣጥኑ ቁልፍ በእናቱ እጅ ነው። ልጁ አልተቀየመም፤ ደንቡን ያለ ገንዘብ ይፈትናል፤ የሞጣንም ገበያ ዋጋ ራሱ እየመዘገበ ይልክልኛል። በዚህ ሳምንት የሞጣው ጤፍ ከቢቸናው በልጦ ተገኘ፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ገና እየተከራከርን ነው።