የሞተር መተንፈሻ

አንባብያን ሆይ፥ መኪና ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ሞተር መተንፈሻ የሚያስፈልገው መሆኑን አስባችሁ ታውቁ ይሆን? ነዳጅና አየር በሲሊንደር ውስጥ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች በሚገፋበት ጊዜ፥ ከጭሱ ጥቂቱ በፋሻዎቹ አጠገብ ሾልኮ ዘይት ወዳለበት ክፍል ይወርዳል። ይህ በአዲስ ሞተርም ቢሆን የማይቀር ነው። ጭሱ ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ እንፋሎት የተቀላቀለበት ስለ ሆነ፥ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ዘይቱን ያበላሻል፤ ታምቆ ኃይሉ ሲበረታም ዘይቱን በየመጋጠሚያው እየገፋ ያንጠባጥበዋል።

በቀድሞ ዘመን ይህ ጭስ በአንዲት ቧንቧ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት፥ የሎስ አንጀለስን ሰማይ የሸፈነው መርዛማ ጉም ከመኪና ከሚወጣው የነዳጅ ትነት ጭምር የሚሠራ መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ጭሱን እንደ ገና ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስቃጥል ቫልቭ፥ በ1961 በካሊፎርኒያ ለሚሸጡ፥ በ1963 ደግሞ በመላው አሜሪካ ለሚሸጡ አዲስ መኪናዎች ገጠሙ። ባለ ሙያዎች ፒ.ሲ.ቪ. ቫልቭ የሚሉት ይኸው ነው። ቁመቱ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ በውስጡ አንዲት ሽብልቅና አንድ ሞላ አሉበት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ስበቱ ብርቱ ስለ ሆነ ሽብልቋ ተስባ መንገዱን ታጠብበዋለች፤ ነዳጅ ሲረገጥ ስበቱ ይደክማል፥ ሞላውም መንገዱን ያሰፋዋል።

ባለፈው ሐምሌ ይህች ትንሽ ዕቃ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ሆና ነበር። መኪናችን አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ናት። ሥራዋ እኔን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፥ ባለቤቴን ወደ ዲላ ገበያ ማድረስ ስለ ሆነ፥ ሞተሯ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ክረምቱ በበረታ ጊዜ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተገኘ፤ ከሥሯም ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር። መካኒኩ ገና እንዳየው፥ «መምህር፥ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት» አለኝ። የጠየቀው ዋጋ የብዙ ወር ደመወዝ ነበር፤ በቤት ያለውም ገንዘብ ለታላቋ ልጃችን ትምህርት የተቀመጠ ነው። መኪናዋን ሽጦ ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፥ አሮጌውን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

የመካኒኩን ቃል አልናቅሁትም። በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ምልክቱ በእርግጥ ይህ ነው። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤት መምህሮቻችን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ ወገን ሲፈቱት ሰምቶ ያደገ ሰው፥ አንድ ምልክት አንድ ፍች ብቻ አለው ሲባል ልቡ አይረጋም።

ልጄ ደብተር ይዛ ተነሣች። ለሁለት ሳምንት በየማለዳው፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፥ የራዲያተሩን ውሃ እያየች ጻፈች፤ አልጐደለም። የሙቀት መለኪያውም ከልኩ አላለፈም። ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው፤ በእርሱ ላይ ያለው ዘይት ጥቁር ነበር እንጂ ነጭ አልነበረም። ውሃው ከራዲያተር የመጣ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ሁሉ በነጣ ነበር። ከክዳኑ ሥር ብቻ የተገኘው ነጭ ነገር እንግዲህ መውጫ ያጣ እንፋሎት ነው። ውሃው ጐድሎ ቢሆን ኖሮ ያለ ክርክር ቴስታታው ይውረድ ባልሁ ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተን ክዳኑን ከፈትንና ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት በአፉ ላይ አኖርን። መተንፈሻው ደኅና ሲሆን ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ይለጠፋል። የእኛው ግን ተርገበገበና ወደቀ። ልጄ ሣቀች፤ «አባዬ፥ ኡፍ አለበት!» አለች። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ቫልቩን ነቅለን ብንወዘውዘው ድምፅ የለውም፤ ደኅናው ኳ ኳ ይላል። ውስጡ በጥቁር አተላ ተደፍኖ ነበር።

በላምባ አጥቦ መመለስ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ መታጠብ አተላውን ያስለቅቃል እንጂ የደከመ ሞላ አያበረታም። ቱቦውን በብሎን ደፍኖ መንዳት ደግሞ የባሰ ነው። የሞተሩን ቁጥር ጽፈን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ሐዋሳ ወረድሁ። አንዱ ባለ ሱቅ «መልኩ አንድ ነው» ብሎ የሌላ ሞተር ቫልቭ ሰጠኝ፤ የሞላው ኃይል እንደየሞተሩ ስለሚለያይ መለስሁለት። ትክክለኛውን ከሌላ ሱቅ አገኘሁ፤ ዋጋው ቴስታታ ከማውረድ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቱቦውን በፒንሳ አልጐተትሁም፤ ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃልና በጣቴ እያዞርሁ አላቀቅሁት። (ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ ኮፈን፥ ሚኒሞ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ምን ያህል ጣልያንኛ እንደ ሆነ አስተውላችኋል?) ቫልቩ የሚቀመጥበት የጎማ ቀለበትም እንደ እንጨት ደርቆ ስለ ነበር አብሮ ተለወጠ፤ እርሱ ከቀረ አየር ይሾልካልና። አዲሱ ሲገባ የሚተነፍስበት ወገን እንዳይገለበጥ ልጄ አስቀድማ በሥዕል ይዛው ነበር። ከዚያም ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን ለወጥን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የይርጋ ጨፌን ዳገት በቡናውና በእንሰቱ መካከል ይዘን ወጣን፤ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፥ የቀረው እርጥበትም ይትነን ብለን ነው።

ወረቀቱ አሁን ይለጠፋል፤ ክዳኑም ንጹሕ ነው። በስተኋላ ያለው ፓራኦሊዮ የሚባለው ጎማ ግን በታመቀው ኃይል አስቀድሞ ተጐድቶ ኖሯል፤ ጠብታው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እርሱን መለወጥ ማርሽ ማውረድ ስለሚጠይቅ የቤት ሥራ አይደለም። ልጄ በየሳምንቱ ዘይቱን ትለካለች፤ ያው መካኒክም በኅዳር እንዲሠራልን ቀጠሮ ይዘናል።