አበባ ከመግዛታችሁ በፊት አገሯን ጠይቁ!

ሰው ቤት ሲሠራ መጨረሻ ላይ ትዝ የሚለው አበባ ነው። ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ የብረት በሩ ኪሱን አራቁተውት ሲያበቁ ከበሩ አጠገብ የተረፈችውን የሁለት እርምጃ መሬት አየት ያደርግና «እዚህች ላይ እንኳ አበባ ነገር ጣል እናድርግባት» ይላል። ከዚያ መንገድ ዳር ይወጣል። በጥቁር ላስቲክ ከተደረደረው ችግኝ መሀል ዓይኑን የሳበውን ያነሣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይዞ ይገባል። ለትዳር እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር አበባን «ለመሆኑ አገርሽ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም!

ነገሩን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። በቅርቡ ለቤተዘመድ ጉዳይ ድሬዳዋ ልሄድ ስነሣ አንዲት ጎረቤቴ መንገድ ላይ ያዘችኝ። «አደራህን፣ ከድሬ አንድ ደህና ቦገንቪሊያ አምጣልኝ። የእኔዋ ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ ቅጠል ብቻ! ዘሯ ሳይበላሽ አይቀርም» አለችኝ። ባለቤቷም ከኋላዋ ሆኖ «ውሃ የምታጠጣትን ያህል እኔን ብታጠጣኝ…» እያለ ያጉተመትማል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራዬ የሰው አጥር ማየት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የፍጥነት መንገድ ለአጥር ስለማይመች ሾፌራችንን ለምነን በድሮው መንገድ ወረድን።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደውን ቅዝቃዜ ሰው በጋቢ ያልፈዋል፣ ችግኝ ግን ጋቢ የለውም። ይህን ብርድ ችለው የሚኖሩ ሞልተዋል። ጄራኒየም አንዱ ነው። ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ብትሰኩት ይይዛል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ አይሞትም፣ ለኮንዶሚኒየም በረንዳም ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ጽጌረዳም ደጋውን ይወዳል፤ ፀሐይና መገረዝ እንዳይጎድልበት ብቻ። ሃይድራንጃ የሚሉት ያ ኳስ የሚያህለው አበባ ደግሞ ጥላ ይመቸዋል። እሱማ ጉደኛ ነው፤ አፈሩ አሲዳም ከሆነ ሰማያዊ ያብባል፣ ካልሆነ ሮዝ። ሰው «ሰማያዊ ብዬ ገዝቼ ሮዝ ወጣብኝ፣ ሻጯ ሸወደችኝ» ይላል። ሻጯ ምን ታድርግ? አፈሩ ነው የቀየረው።

ቢሾፍቱ ስንደርስ 500 ሜትር ያህል ወርደናል። እዚያ የቦገንቪሊያውን ነገር ያየ ሰው ጎረቤቴን ይረዳታል። በሐይቆቹ ዙሪያ ካሉት ግቢዎች አጥር ላይ ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ ብርቱካንማው ተንዘርፍፎ መንገዱ ላይ ይወድቃል። አንድ ግቢ በር ላይ ቆም ብዬ አትክልተኛውን «በቀን ስንቴ ታጠጣታለህ?» ብለው ሳቀብኝ። «በቀን? ኧረ እሷ ካጠገቧት ትሰንፋለች!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ናት። አበባ የሚመስለን ያ ያሸበረቀው ነገር ቀለም የለበሰ ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም። እውነተኛ አበባዋ መሀል ላይ ያለችው ሚጢጢዬ ነጭ ነገር ናት። ይህን ቀለም የምታወጣው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስታገኝና ሥሯ ደረቅ ሲል ነው። ውሃና ፍግ ካበዛችሁባት ቅጠልና እሾህ ታበቅላለች፣ በቃ። አዲስ አበባም ታብባለች፣ በዓይናችን የምናየው ነው። ግን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ትፈልጋለች። የጎረቤቴ ደግሞ በባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጥላ ሥር ቆማ ጧትና ማታ ውሃ ትጋታለች። ዘሯ ምንም አልሆነ! ድሬ ድረስ የሚያስኬድም ነገር አልነበረም። እዚያ ጥላ ውስጥ ሃይድራንጃውን ብትተክል፣ ቦገንቪሊያዋን ወደ ፀሐዩ ብታዞራት ሁለቱም ደስ ብሏቸው በኖሩ።

ከሞጆ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቆቃ ጎራ ማለታችን አንደኛው ተሳፋሪ ዕቃ የሚያደርስበት ቤት ስለነበረው ነው። እኔን የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። ውሃው ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ የተሰካች ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ፤ ውበቷን ልክድ አልችልም። እምቦጭ ናት! አገሯ የአማዞን ውሃ ነው። ዓለምን የዞረችው ደግሞ በሌላ በምንም ሳይሆን በውበቷ ነው። ኩሬያቸውን ማስጌጥ የፈለጉ ሰዎች ከአገር አገር አሻገሯት። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየች። በ2011 ደግሞ ጣና ላይ መኖሯ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁ እየነቀለ ያየውን አበሳ ሁላችንም በቴሌቪዥን ተመልክተናል። «ለግቢዬ ኩሬ ናት እንጂ ማንን ትጎዳለች» የሚል ካለ ቆቃን ይመልከት። ኩሬው በክረምት ሞልቶ ሲፈስ አበባዋ አብራ ትሄዳለች።

የወፍ ቆሎም ከዚያው ዓይነት ነው። ቢጫና ቀዩ አንድ ራስ ላይ ተቀላቅሎ ሲያብብ ለአጥር ያምራል፣ ከብት አይበላውም፣ ውሃ አይጠይቅም። ወፍ ግን ፍሬውን ትለቅምና ግጦሽ መሬት ላይ ትበትነዋለች። እዚያ ሣሩን ያፍናል፣ ተርቦ የበላውን ከብትም ይመርዛል። የከተሜ አጥር የገጠሬ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

አዳማ ምሳ የበላንበት ግቢ ያየሁት ነገር ግን ከሁሉ አስደነገጠኝ። አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሮዝ አበባ ያለውን ረጅም ቁጥቋጦ ቀነጠሰችና እንደ ሸንኮራ ልትመጥ ወደ አፏ ወሰደች። የግቢው አትክልተኛ ከየት መጣ ሳይባል ሮጦ ቀማት። እናትየዋ ተቆጣች። «ምነው አንተ! ለአንዲት አበባ ልጅ ታስደነግጣለህ?» አለችው። ሰውዬው እጁ እየተንቀጠቀጠ «እመቤት፣ መርዝ ነው» አላት። ቦታው ጸጥ አለ።

እውነቱን ነው። ኦሊያንደር ይባላል። ሙቀትና ድርቅ ስለሚችል፣ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ስለሚያብብ፣ በሞቃት ከተሞቻችን በየአጥሩ ይተከላል። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ እንጨቱም መርዝ ነው፤ ልብን ይመታል። እንጨቱ ለሥጋ መጥበሻ አይሆንም፣ ለማገዶም ጭሱ አይበጅም። አዲስ አበቤዎች ይህ የቆላ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት! በየግቢያችሁ ቁልቁል የተንጠለጠለው፣ ማታ ማታ ሽታው የሚያውደው ያ ትልቅ ጡሩምባ የመሰለ አበባ የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። አስተናግር ለምን «አስተናግር» እንደተባለ ደግሞ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የቀመሰውን ያስቀባጥረዋል። ነጩ፣ ውሃ ዳር የሚወደው፣ ለሠርግ የምንይዘው ጡሩምባ መሳዩም ቢሆን እነዚያን ያህል አይክፋ እንጂ ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል።

ልጅ ካላችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ የሚገባበት ግቢ ካላችሁ ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት «ይሄ ይመርዛል ወይ?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙ። እንደው ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ልጅ ቢበላ ደግሞ በወተትና በጣት ለማስመለስ ጊዜ አታጥፉ፤ ልጁንም ቅጠሉንም ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ቅጠሉን ማየቱ ሐኪሙን ከግምት ያድነዋል።

ድሬ በማግሥቱ ገባን። 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ፤ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህሉ ከፍታ! ከዚራ ሰፈር የባቡሩ ዘመን ዛፎች እስከ ዛሬ ጥላቸውን ዘርግተው ይጠብቋችኋል። ከተማዋ ስሟን ያወሰችው ዛፍ መኖሩን ታውቃላችሁ? «የድሬዳዋ ዛፍ» እንለዋለን፣ ሲያብብ ሰማዩ እሳት የተነሣበት ይመስላል። የሚገርመው እሱም እንግዳ ነው፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ግን ሙቀቱ ስለተስማማው ቤተኛ ሆነ። ለሰፊ ግቢና ለጎዳና ነው እንጂ ለሁለት እርምጃ መሬት አይሆንም፤ ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ንጣፉንም የግንብ አጥሩንም ያነሣዋል።

የድሬዋ አክስቴ ግቢ ቦገንቪሊያው ጣራ ላይ ወጥቷል። የጎረቤቴን ታሪክ ስነግራት «አቦ ተዋት! እኔ እኮ ውሃ የማጠጣት ትዝ ካለኝ ነው» አለች። ከዚያ በረንዳዋ ላይ በተሰበረ ባልዲ የተከለችውን አሳየችኝ። ግንዱ እንደ ድንች ያበጠ፣ ጫፉ ላይ ሮዝ አበባ የተሸከመ ተክል ነው። የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል። የራሳችን የምሥራቁ ቆላ ልጅ ነው፣ በባዕድ አገር በማሰሮ ተተክሎ በውድ ይሸጣል። አክስቴ ግን ከልጆች ከፍ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው፤ ወተቱ መርዝ ነዋ!

«ይኼንን ውሰድና ለሴትዮዋ ስጥልኝ» ብላ ችግኝ ልታስይዘኝ ነበር። አልወሰድኩም። ያን የመሰለ የፀሐይ ልጅ ለሐምሌ ዝናብና ለኅዳር ብርድ አሳልፎ መስጠት ግፍ ነው። ለጎረቤቴ ይዤላት የተመለስኩት ወሬ ብቻ ነው፣ እሷም አልተቀየመችኝም፤ ቢያንስ ባልዲውን አስቀምጣለች።

ለደጋ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ቀጋን ከአጥራችን አጥፍተን የውጭ ጽጌረዳ ስንፈልግ ይገርመኛል። ነጭ አበባው፣ ቀይ ፍሬው፣ እሾሁ… አጥር ነው፣ ጌጥ ነው፣ የእንጦጦን ብርድም ያውቀዋል። አደይ አበባም እንዲሁ። መስከረም ላይ በሰው ሜዳ ከምንቀጥፋት ጥቅምት ሲጋመስ የደረቀውን ራሷን ሰብስቡ፣ በወረቀት ጠቅልሉ፣ እርጥበት ከማይነካው ቦታ አኑሩት። ሰኔ ሲገባ ያቺን የሁለት እርምጃ መሬት ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት፣ አፈሩንም ስስ አድርጋችሁ አልብሱት።